ለስላሳ ኮራልን ጎጃም ላይ በቤት ውስጥ ማኖር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከባሕር ዳር፣ ከደብረ ማርቆስና ከአካባቢያቸው የሚነሡ ጥያቄዎች ከቀላሉ ወደ ከባዱ ተደርድረው ተመልሰዋል።

ለስላሳ ኮራል ምንድን ነው? ድንጋይ ነው፣ ተክል ነው ወይስ እንስሳ?

እንስሳ ነው። ከሩቅ ሲያዩት ቁጥቋጦ ወይም ትልቅ እንጉዳይ ይመስላል፤ ቀረብ ብለው ሲመረምሩት ግን ፖሊፕ የሚባሉ እጅግ ብዙ ጥቃቅን እንስሳት በአንድ ሥጋ ተያይዘው የሚኖሩበት መንደር መሆኑ ይታያል። እያንዳንዱ ፖሊፕ አንድ አፍና በዙሪያው ስምንት እጆች አሉት፤ የእጆቹም ጠርዝ እንደ ላባ የተተለተለ ነው። ድንጋያማ ኮራሎች ከሥራቸው ጠንካራ የኖራ አጽም ይገነባሉ፤ ለስላሳዎቹ ግን በሥጋቸው ውስጥ የተበተኑ የኖራ እሾሆች ብቻ ስላሏቸው ከውሃ ሲወጡ ይልፈሰፈሳሉ።

ብዙዎቹ ለስላሳ ኮራሎች በሥጋቸው ውስጥ ዙዛንቴላ የተባሉ ባለ አንድ ሕዋስ አልጌዎችን ያኖራሉ። አልጌዎቹ ከብርሃን ስኳር ሠርተው ለአስጠጊያቸው ያካፍላሉ፤ ኮራሉም በአጸፋው መጠለያና ቆሻሻውን ለማዳበሪያነት ይሰጣቸዋል። ስለዚህ ኮራል የሚያኖር ሰው እንስሳና አትክልት በአንድ ገላ እንደያዘ ቢቆጥር አይሳሳትም።

ለጀማሪ የሚሻለው የትኛው ዓይነት ነው?

ባርኔጣ የመሰለው ሳርኮፊቶን፣ ጣት የሚመስለው ሲኑላሪያ፣ ዛፍ መሳዩ ካፕኔላ፣ አረንጓዴ ምንጣፍ የሚያነጥፈው ብሪያሪየምና እጆቹን እንደ ልብ ትርታ የሚከፍትና የሚዘጋው ዜኒያ በብዛት ይገኛሉ። ዲስኮሶማና ዞአንቲድ ከነሱ ጋር ተደባልቀው ይሸጣሉ፤ በዘር ሐረጋቸው ግን ለድንጋያማዎቹ ይቀርባሉ። አንድ ብቻ ምረጥ ብባል ሳርኮፊቶንን እመርጣለሁ፤ ስሕተትን ይታገሣልና። ዜኒያን ግን ለኋላ ማቆየት ይሻላል፤ ከተስማማው ቤቱን ሁሉ ይወርሳል፣ ካልተስማማው ደግሞ በአንድ ሌሊት ቀልጦ ያድራል።

ቀይና ብርቱካናማ ሆኖ ዓይን የሚማርከውን ዴንድሮኔፍቲያን ጀማሪ ባይነካው ይበጃል። በሥጋው ውስጥ አልጌ ስለሌለው ቀኑን ሙሉ በውሃ ውስጥ የሚንሳፈፍ ደቃቅ ምግብ ይፈልጋል፤ ቤት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ቀስ በቀስ በረሃብ ያልቃል።

ባሕር በሌለበት ደጋ ላይ የባሕር እንስሳ ሊኖር ይችላል?

ይችላል። ኮራሉ የሚያውቀው የውሃውን ጨው፣ ሙቀት፣ ብርሃንና እንቅስቃሴ ነው። ከፍታ የሚለውጠው ዋና ነገር ኦክስጅንን ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር፣ ደብረ ማርቆስ ደግሞ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኙ የአየሩ ግፊት በመጀመሪያው በአንድ አምስተኛ፣ በሁለተኛው በአንድ አራተኛ ያህል ያነሰ ነው። ሙቀቱ 25 ዲግሪ የሆነ የባሕር ውሃ በጠረፍ አካባቢ በሊትር 6.7 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ፣ ያው ውሃ ባሕር ዳር ላይ ወደ 5.4፣ ደብረ ማርቆስ ላይ ወደ 5 ሚሊግራም ይወርዳል።

ይህ ልዩነት ኮራሉን አይገድለውም፤ የስሕተት መፈናፈኛን ግን ያጠብባል። በጠረፍ ከተማ በሚኖር ሰው መጽሐፍ ላይ ለ100 ሊትር ስድስት ዓሣ ተብሎ ቢጻፍ እኛ ሦስት ማለት አለብን። የውሃው ፊት ያለማቋረጥ መናወጥ ይኖርበታል፤ ውሃ በሞቀ ቁጥር የሚይዘው ኦክስጅን ስለሚቀንስም ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው የባሕር ዳር ሙቀት ውሃው ከ27 ዲግሪ በላይ እንዳይወጣ መጠበቅ ያስፈልጋል። የሚመከረው ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ነው።

አኳሪየሙ ምን ያህል ይሁን? የትስ ይሠራል?

ትንሽ አኳሪየም ርካሽ ይመስላል እንጂ አስቸጋሪ ነው፤ ውሃው ባነሰ ቁጥር ሙቀቱም ጨውነቱም ቶሎ ይለዋወጣል። 100 ሊትር ገደማ ለጀማሪ የተመጠነ ነው። ርዝመቱ 80፣ ወርዱ 35፣ ቁመቱ 40 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሣጥን 112 ሊትር ይይዛል፤ ይህን የአሉሚኒየምና የመስታወት ሥራ ቤቶች በ8 ሚሊ መስታወት ሊሠሩት ይችላሉ። የሚጠቀሙበት ሲልከን ግን ሻጋታ መከላከያ ያልተጨመረበት መሆን አለበት፤ ለመታጠቢያ ቤት የሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ ይህ መድኃኒት አለበት፣ መድኃኒቱም እንስሳ ይገድላል።

ውሃው፣ መስታወቱና ድንጋዩ ተደምረው 150 ኪሎ ስለሚያልፉ ማስቀመጫው በያጅ የተበየደ የብረት ቋሚ ቢሆን ይመረጣል። ብረቱ ቀለም ይቀባ፤ ጨዋማ ጠብታ ብረት ይበላል።

የገበያ ጨው ወይም የአፋር ጨው በውሃ አሟሙቼ መጠቀም አልችልም?

ይህ ከሁሉ በላይ የሚደጋገም ጥያቄ ነው፤ መልሱም አይቻልም ነው። የወጥ ጨው ከሞላ ጎደል ሶዲየም ክሎራይድ ብቻ ነው። የባሕር ውሃ ጨው ግን በክብደቱ 55 በመቶ ክሎራይድ፣ 31 በመቶ ሶዲየም፣ 8 በመቶ ገደማ ሰልፌት፣ 4 በመቶ ገደማ ማግኒዚየም፣ ከዚያም ከአንድ በመቶ ጥቂት ከፍ የሚሉ ካልሲየምና ፖታሲየም ያሉበት ድብልቅ ነው። ኮራሉ እሾሆቹን የሚሠራው ከካልሲየሙ ነው፤ ማግኒዚየሙ ደግሞ ካልሲየሙ ያለ ጊዜው ዝቃጭ ሆኖ እንዳይወርድ ይጠብቀዋል።

«የአፋር ጨው እኮ ከባሕር የመጣ ነው» የሚል ብልህ ጠያቂ አይጠፋም። እውነት ነው፤ የደናክል ጨው የቀይ ባሕር ውሃ በጥንት ዘመን ወደ ረባዳው ገብቶ ደርቆ የተወው ነው። ነገር ግን የባሕር ውሃ ሲተን ጨዎቹ በአንድነት አይረጉም። አስቀድሞ ኖራው፣ ቀጥሎ ጂፕሰሙ (ጀሶው)፣ ከዚያ የወጥ ጨው ይረጋል፤ ማግኒዚየምና ፖታሲየም የበዛበት መራራ ውሃ እስከ መጨረሻው ፈሳሽ ሆኖ ይቆያል። ስለዚህ ተፈልጦ የሚጫነው ጨው ከወንድሞቹ ተለይቶ የረጋው ክፍል ብቻ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን እስከ ጎጃም ባሶ ገበያ ዘልቆ እንደ ገንዘብ ሲያገለግል የኖረው አሞሌ ለሰውም ለከብትም ጠቅሟል፤ ለኮራል ግን ጎዶሎ ነው።

የሚያስፈልገው ለኮራል አኳሪየም ተብሎ የተቀመመ ጨው ነው። በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ 36 ግራም ገደማ ይገባል፤ ልኩ የሚታወቀው ግን በሚዛን ሳይሆን የውሃን ጨውነት በሚለካው ሪፍራክቶሜትር ነው፣ መሣሪያውም በሺህ 35 ወይም ከንጹሕ ውሃ ጋር በሚነጻጸር ክብደት 1.026 ማንበብ አለበት።

በዓመት ስንት ኪሎ ጨው ልያዝ?

100 ሊትር ለመሙላት 3.6 ኪሎ ይበቃል። በየሳምንቱ አሥር ሊትር ቢቀየር 360 ግራም፣ በዓመት ደግሞ 19 ኪሎ ገደማ ይሆናል፤ ለስላሳ ኮራል ብቻ ላለውና ዓሣ ላላበዛ ሰው በየሁለት ሳምንቱ መቀየርም ስለሚበቃ ግማሹ ሊያደርሰው ይችላል። የስድስት ወር ጨው በእጁ ሳይኖር ኮራል የሚገዛ ሰው ዘሩን ሳይይዝ እርሻ እንደወጣ ገበሬ ነው። ጨውን እርጥበት በማይገባው ባልዲ ከድኖ ማስቀመጥ ይገባል፤ የጎጃም ክረምት ክፍት ከረጢትን ድንጋይ ያደርጋል።

ውሃውንስ ከየት ላምጣ? የቧንቧ፣ የዝናብ ወይስ የጣና?

የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለበት፤ የእሳተ ገሞራ አለት ውስጥ ተጣርቶ የወጣ የከርሰ ምድር ውሃ ደግሞ ሲሊኬት ሊሸከም ይችላል። ሲሊኬት የበዛበት ውሃ ድንጋዩንና መስታወቱን በቡናማ ዝቃጭ ያለብሳል። ክሎሪኑ አንድ ቀን ክፍት ባልዲ ውስጥ ሲያድር ሊወጣ ይችላል፤ የሟሟው ማዕድን ግን በማሳደርም በማፍላትም አይጠፋም። የታሸገው፣ ብዙዎቻችን «ሃይላንድ» የምንለው ውሃም ለሰው እንጂ ለዚህ ሥራ አልተዘጋጀም፤ ማዕድን አለበት። አስተማማኙ መንገድ ሪቨርስ ኦስሞሲስ የሚባለው ማጣሪያ ነው፤ ውጤቱ በውሃ ውስጥ የሟሟን ነገር መጠን በሚያሳየው በቲዲኤስ መለኪያ ሲታይ ዜሮ ወይም ለዜሮ የቀረበ መሆን አለበት። ማጣሪያው በቂ የቧንቧ ግፊት ይፈልጋል፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሠፈር ከፍ ካለ ሮቶ ማውረድ ወይም ትንሽ የግፊት ፓምፕ መጨመር ግድ ይሆናል።

የዝናብ ውሃ ሲባል ብዙ ሰው ደስ ይለዋል፤ ከሰኔ እስከ መስከረም በነጻ ይወርዳልና። ችግሩ ጣሪያው ነው። ቆርቆሮ በዚንክ የተለበጠ ስለሆነ በላዩ የሚፈስ ዝናብ ዚንክ አጥቦ ይወርዳል፤ ዚንክ ደግሞ በጥቂቱም ቢሆን አከርካሪ ለሌላቸው የባሕር እንስሳት መርዝ ነው። እኔም በመጀመሪያው ዓመቴ ከቆርቆሮ ሥር ባልዲ ደቅኜ የያዝኩት ውሃ ቀንድ አውጣዎቼን በሦስት ቀን ፈጅቶብኛል። ዝናብ መጠቀም የሚሻ ሰው ክረምቱ ከገባ በኋላ፣ አየሩ በደንብ ከታጠበ፣ በገላጣ ቦታ በተዘረጋ ንጹሕ ላስቲክ በቀጥታ ይያዝ፤ ከዚያም በቲዲኤስ መለኪያ ይፈትሽ።

ጣናን ባሕር ብለን መጥራታችን ጨው አይጨምርለትም። ውሃው ጨው አልባ ነው፤ ደለሉና በውስጡ ያለው የማዳበሪያ ንጥረ ነገርም ለአልጌ እንጂ ለኮራል አይመችም። ለባትሪ ተብሎ በየማደያው የሚሸጠው የተጣራ ውሃ በመርሕ ደረጃ ይሆናል፤ በተመሳሳይ ጀሪካን የባትሪ አሲድም ስለሚሸጥ ግን ሳያረጋግጡ ማፍሰስ አደገኛ ነው።

ውሃው ሲጎድል የምጨምረው ጨዋማውን ነው ወይስ ጨው አልባውን?

ጨው አልባውን የተጣራ ውሃ ነው። የሚተነው ውሃው ብቻ ነው፤ ጨው አኳሪየሙ ውስጥ ይቀራል። በበጋው ደረቅ አየር በየቀኑ የሚጎድለው በጨዋማ ውሃ ከተተካ ጨውነቱ ከሳምንት ሳምንት እያደገ ኮራሉን ያኮማትረዋል። መስታወቱ ላይ መስመር አስምሮ በየጠዋቱ እስከዚያ መሙላት ይበቃል።

ሁሉ ተዘጋጀ፤ ኮራሉን ዛሬውኑ ላስገባው?

አይግባ። አዲስ አኳሪየም ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት መብላላት አለበት። የዓሣ ቆሻሻና የምግብ ትርፍ ሲበሰብስ አሞኒያ ይወጣል፤ አንድ ዓይነት ባክቴሪያ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ናይትራይቱን ጉዳቱ ወደሚያንሰው ናይትሬት ይለውጠዋል። እነዚህ ባክቴሪያዎች በድንጋዩና በአሸዋው ላይ እስኪራቡ ጊዜ ይፈልጋሉ። ቆንጥሮ የዓሣ ምግብ ወይም ቁራሽ ሽሪምፕ ጨምሮ መለካት፣ አሞኒያና ናይትራይት ሁለቱም ዜሮ ሲሆኑ ብቻ የመጀመሪያውን ኮራል ማስገባት ነው። ከጓደኛ አኳሪየም የወጣ አንድ እርጥብ ድንጋይ ከተገኘ እንደ እርሾ ያገለግላል፤ ጊዜውን በግማሽ ሊያሳጥረው ይችላል።

ኮራሉ ሲደርስ ከረጢቱን ሳይከፍቱ 20 ደቂቃ ያህል በውሃው ላይ አንሳፍፎ ሙቀቱን ማስተካከል፣ ከዚያ በቀጭን ቱቦ ጠብ ጠብ እያደረጉ የአኳሪየሙን ውሃ ማለማመድ ይገባል። የከረጢቱ ውሃ ወደ አኳሪየሙ አይገባም።

የጎጃም ፀሐይ እያለ አምፖል ምን ያደርጋል?

በመስኮት የሚገባ ፀሐይ በየሰዓቱና በየወቅቱ ይለዋወጣል፤ ከኮራሉ ይልቅ አረንጓዴ አልጌን ያፋፋል፣ ውሃውንም ያፈላል። አኳሪየሙ ቀጥተኛ ፀሐይ በማያገኘው ግድግዳ አጠገብ ቢቀመጥ ይሻላል። ሰማያዊና ነጭ የተዋሐደበት ኤልኢዲ በየቀኑ ለ8 ወይም ለ10 ሰዓታት ያህል ይበራ፤ ብርሃኑ ፓር በሚባለው (አልጌ ሊጠቀምበት የሚችለውን ብርሃን በሚያሳየው) ልኬት ከ50 እስከ 150 ቢሆን ለአብዛኞቹ ለስላሳ ኮራሎች ይበቃል። ተራ ነጭ የኤልኢዲ ፓውዛም ጠንካራ ጠንካራዎቹን ሊያኖር ይችላል፣ ቀለማቸው ግን አይፈካም። አዲስ የመጣን ኮራል በአንድ ጊዜ ከመብራቱ ሥር ማስቀመጥ ስሕተት ነው፤ ከታች ጀምሮ በሳምንታት ውስጥ ከፍ ይደረግ።

ምን ላብላው?

ዙዛንቴላ ያለው ኮራል ዋና ምግቡ ብርሃን ነው። ቀሪውን ከዓሣው ቆሻሻና በውሃው ከሚንሳፈፈው ደቃቅ ነገር ያገኛል። በጠርሙስ የሚሸጥ የኮራል ምግብን ማብዛት ውሃ ከማበላሸት በቀር ብዙ ጥቅም አላየሁበትም።

መብራት ሲጠፋ ምን ላድርግ?

በመጀመሪያ መረጋጋት ነው፤ ኮራሉ ጨለማውን አንድና ሁለት ቀን ይችለዋል። የሚያጣድፈው የኦክስጅን ነገር ነው። ፓምፑ ቆሞ የውሃው ፊት ሲረጋ ዓሣው፣ ባክቴሪያውና ኮራሉ ያንኑ ጥቂት ኦክስጅን ይሻማሉ፤ በከፍታችን ምክንያት ደግሞ ስንጀምርም ያለን ትንሽ ነው። ስለዚህ ካለው ኃይል ሁሉ ቅድሚያ የሚሰጠው ውሃ ለማንቀሳቀስ ነው። 12 ቮልት 50 አምፒር ሰዓት የሆነ ባትሪ ግማሹን ብቻ ብንጠቀምበት እንኳ አሥር ዋት የምትወስድን ትንሽ ፓምፕ ከ20 ሰዓት በላይ ያሠራታል፤ ያው ባትሪ 100 ዋት ማሞቂያ ቢሰካበት ግን በሦስት ሰዓት ያልቃል። ባትሪ የሌለው ሰው በየሩብ ሰዓቱ በጣሳ እየቀዳ ከፍ አድርጎ መልሶ ያፍስስ፤ አድካሚ ቢሆንም ይሠራል።

ለሙቀቱ የባሕል መፍትሔ አለን፤ ጋቢ። ደብረ ማርቆስ ላይ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ሊወርድ ስለሚችል አኳሪየሙን ከጎንና ከጎን በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ መጠቅለል ይጠቅማል፤ አናቱ ግን አየር እንዲያገኝ ክፍት ይቆይ። ውሃው ለአንድ ሌሊት ወደ 21 ወይም 22 ዲግሪ ቢወርድ ጤነኛ ለስላሳ ኮራል ይቋቋመዋል።

መብራቱ ሲመለስ ሌላ አደጋ አለ። ኃይሉ ከፍና ዝቅ እያለ ስለሚመጣ ማሞቂያውንና መብራቱን ነቅሎ ቆይቶ መልሶ መሰካት፣ ቢቻል ስታብላይዘር መጠቀም ይገባል። ክዳኑ የተዘጋ ማጣሪያ ለሰዓታት ቆሞ ከነበረ ውስጡ ያለው ውሃ ኦክስጅን አጥቶ ይበላሻል፤ ሳይደፋና ሳይታጠብ ዳግም ሥራ አይጀምር።

ቡና የሚፈላበት፣ ዕጣን የሚጨስበት ሳሎን ውስጥ ማስቀመጥ ጉዳት አለው?

ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሲጠራቀም ወደ ውሃው ገብቶ ፒኤቹን ያወርዳል፣ ማለትም ውሃውን ወደ አሲድነት ይገፋዋል። ከ7.8 እስከ 8.4 ባለው ክልል ውስጥ እስካለ ድረስ ለስላሳ ኮራል አይጨነቅም፤ መስኮት መክፈት ይበቃል፣ ለቤተሰቡም ደኅንነት ያው መስኮት ያስፈልጋል። የዕጣኑ ጢስ የውሃውን ፊት በስስ ቅባት ሊሸፍነው ይችላል፤ የውሃው ፊት በሚገባ ከተናወጠ ይበተናል። ቅቤ ወይም የገላ ቅባት የነካ እጅ ግን ውሃው ውስጥ አይግባ።

እውነተኛው ጠላት የትንኝ ማጥፊያ ነው። በቆርቆሮ የሚነፋው ፍሊትም ሆነ ለወባ መከላከያ ግድግዳ ላይ የሚረጨው ኬሚካል ሽሪምፕንና ሸርጣንን በጣም በጥቂቱ ይገድላል። ቤት በሚረጭበት ቀን አኳሪየሙን በላስቲክ መሸፈን፣ የክፍሉን አየር ስቦ ወደ ውሃው የሚነፋውን የአየር ፓምፕ ማጥፋት፣ የውሃ ፓምፑን ግን እንደ በራ መተው ነው፤ ክፍሉ በደንብ ከተናፈሰ በኋላ ይገለጥ።

ፒኤችንና አልካሊኒቲን ለማስተካከል ቤኪንግ ሶዳ ይሆናል?

አልካሊኒቲን፣ ማለትም ውሃው አሲድን የመቋቋም አቅሙን፣ ለማሳደግ ይሆናል፤ በየሱቁ መገኘቱም ትልቅ ነገር ነው። በ100 ሊትር ውሃ ሦስት ግራም ቤኪንግ ሶዳ አልካሊኒቲውን በአንድ ዲኬኤች (የአልካሊኒቲ መለኪያ ነው) ያህል ከፍ ያደርጋል። ከ8 እስከ 11 ዲኬኤች ተስማሚ ነው፤ በቀን ከአንድ ዲኬኤች በላይ አይጨመር፣ በቅድሚያም በንጹሕ ውሃ ይሟሟ። ቤኪንግ ፓውደር ግን ሌላ ነገር ነው፤ ስታርችና አሲድ የተቀላቀለበት ስለሆነ ፈጽሞ አይገባም። በስም መመሳሰል የተሳሳቱ ሰዎች አሉ።

ከዓባይ በረሃ የመጣ የኖራ ድንጋይ ለመሠረት ይሆናል?

ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ። ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ ሲወረድ የሚታየው ነጣ ያለ የኖራ አለት ከ150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት አገሩ በባሕር ተሸፍኖ በነበረበት ዘመን የተዘቀጠ ነው፤ በውስጡም የባሕር ፍጥረታት ቅሪት ይገኛል። ኖራው ካልሲየም ካርቦኔት ስለሆነ ከባሕር ውሃ ጋር አይጣላም። ነገር ግን በዚያው ገደል ጂፕሰምም ስላለ መለየት ያስፈልጋል። ሎሚ ወይም ኮምጣጤ ሲንጠባጠብበት አረፋ የሚያወጣው ኖራ ነው፤ ዝም የሚለውና በጥፍር የሚፋቀው ጂፕሰም ነው፣ ጂፕሰም ደግሞ ውሃ ውስጥ ቀስ በቀስ ይሟሟል። ዝገት የመሰለ ወይም የሚያብረቀርቅ መስመር ያለበት ድንጋይ ብረት ነክ ማዕድን ሊኖረው ስለሚችል ይጣል።

የተመረጠው ድንጋይ በብሩሽ ታጥቦ ለሳምንታት በተጣራ ውሃ ይዘፍዘፍ። ጉድለቱ ጥቅጥቅ ማለቱ ነው፤ ባክቴሪያ የሚሰፍርባቸው ቀዳዳዎች ጥቂት ናቸው። ስለዚህ ከሥር መሠረት አድርጎ ከላይ ባለ ቀዳዳ የአኳሪየም ድንጋይ መደርደር ይሻላል።

ሳርኮፊቶኔ ለቀናት ተዘግቶ ቆዳው ተላጠ፤ ሞተ ማለት ነው?

አልሞተም። ሳርኮፊቶን በየጊዜው ይዘጋል፣ ገጹ ያብረቀርቃል፣ ከዚያም ሰም የመሰለ ስስ ሽፋን ይጥላል፤ በዚህም የተጣበቀበትን አልጌና ቆሻሻ ያራግፋል። ከጥቂት ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። በዚያ ጊዜ የውሃውን ፍሰት ወደ እሱ ጠንከር ማድረግ ሽፋኑን ለማስወገድ ይረዳዋል፤ ከቦታ ቦታ ማንሣትና መነካካት ግን ያዘገየዋል። የሞተ ኮራል በመልኩና በጠረኑ ይለያል፦ ይጠቁራል፣ ይፈራርሳል፣ እንደ በሰበሰ ዕንቁላል ይሸታል። እንዲህ ከሆነ ሳይውል ሳያድር በቱቦ ተመጥጦ ይውጣ።

ውሃው ጥርት ብሎ ሳለ ኮራሉ ለምን ከሳ?

ምናልባት ከመጠን በላይ ስለጠራ ነው። በሥጋው ያሉት አልጌዎች ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ይፈልጋሉ፤ ሁለቱም ዜሮ ሲሆኑ ኮራሉ ይገረጣል፣ ይኮማተራል። ናይትሬት በሊትር ከ5 እስከ 15 ሚሊግራም፣ ፎስፌት ከ0.03 እስከ 0.1 ሚሊግራም ቢሆን ለለስላሳ ኮራል መልካም ነው። ንጽሕናን ከጤና ጋር አንድ አድርገው የሚያዩ ትጉሃን ሰዎች ማጣሪያ ላይ ማጣሪያ ጨምረው ኮራላቸውን ያስርቡታል፤ ከሰነፎቹ ይልቅ እነሱ ሲጎዱ ያየሁበት ጊዜ ይበልጣል።

ኮራሎቹ ሳይነካኩ አንዱ ሌላውን ሊጎዳ ይችላል? የምድጃ ከሰልስ መፍትሔ ይሆናል?

ሊጎዳ ይችላል። ለስላሳ ኮራል እንደ ድንጋያማው ብርቱ መናደፊያ ስለሌለው ቦታውን የሚከላከለው ቴርፔን የተባሉ ኬሚካሎችን ወደ ውሃው በመልቀቅ ነው። ሳርኮፊቶንና ሲኑላሪያ በዚህ የታወቁ ናቸው፤ ውሃው ውስን በሆነበት ቤት ውስጥ መርዙ እየተጠራቀመ በተለይ ድንጋያማ ኮራሎችን ያዳክማል። መድኃኒቱ አክቲቬትድ ካርቦን በማጣሪያው ውስጥ ማስቀመጥና በየሦስት አራት ሳምንቱ መለወጥ፣ ውሃውንም በወቅቱ መቀየር ነው።

የምድጃ ከሰል አይተካውም። አክቲቬትድ ካርቦን በእንፋሎትና በከፍተኛ ሙቀት ተዘጋጅቶ ለዓይን የማይታዩ እጅግ ብዙ ቀዳዳዎች የተከፈቱለት ነው፤ የምድጃው ከሰል ቀዳዳው ጥቂት፣ አመዱ ብዙ ነው፣ አመዱም ፎስፌት ይለቃል።

ኮራሉ ሲያድግ ቆርጬ ማባዛት እችላለሁ?

ትችላለህ፤ ትችያለሽም። በአዲስ ምላጭ ወይም በስለታም መቀስ ቅርንጫፉ ወይም የባርኔጣው ጠርዝ ይቆረጣል፤ ሥራው ከአኳሪየሙ ውጭ፣ በተቀዳ የአኳሪየም ውሃ ውስጥ ይከናወን፤ የሚወጣው ዝልግልግ ፈሳሽ ሌሎቹን ይጎዳልና። የሚያንሸራትት ሥጋ በሱፐር ግሉ ብቻ አይይዝም፤ ቁራጩን ጠጠር በሞላበት ኩባያ ውስጥ፣ ፍሰቱ ለስለስ ባለበት ቦታ ቢያስቀምጡት በአንድ ሁለት ሳምንት ራሱ ጠጠሩን ይይዛል።

ዞአንቲድን በሚመለከት ግን ሌላ ሕግ አለ። አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የተባለ እጅግ ብርቱ መርዝ ይይዛሉ፤ መርዙ በቁስል፣ በዓይንና በእንፋሎት ይገባል። ጓንትና መነጽር ሳይደረግ አይቆረጡ፤ የተጣበቁበት ድንጋይም አይቀቀል፣ በፈላ ውሃም አይታጠብ። ከነኩ በኋላ የአፍ መምረር፣ ትኩሳት ወይም የትንፋሽ ማጠር የታየበት ሰው ወዲያው ሐኪም ቤት ሄዶ ምን እንደነካ በግልጽ ይናገር።

ከውጭ ለማስመጣት ፈቃድ ያስፈልጋል?

ሕያው እንስሳ ስለሆነ የኳራንቲን ፈቃድ ጉዳይ ከግዢው በፊት መጠናቀቅ አለበት። የዱር ፍጥረታትን ንግድ በሚቆጣጠረው፣ በተለምዶ ሳይተስ በሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ድንጋያማ ኮራሎች በሁለተኛው አባሪ ተመዝግበው ስለሚገኙ የላኪው አገር የወጪ ፈቃድ ያስፈልጋቸዋል። ሳርኮፊቶንና ሲኑላሪያ አልተመዘገቡም፤ ነገር ግን ከስምንት እጆቹ ወገን የሆኑት ሰማያዊው ሄሊዮፖራና ቱቢፖራ ተመዝግበዋል፣ ስለዚህ «ለስላሳ ነው» የሚለው የሻጭ ቃል ብቻውን አይበቃም። ስምምነቱን በአገራችን የሚያስፈጽመው የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ነው። ከውቅያኖስ ከተለቀመ ይልቅ በእርባታ የተቆረጠን መምረጥ በሁሉም በኩል ይሻላል፤ የአኳሪየም ኑሮን ለምዶ ይመጣል።

ያወጣሁትን ጨዋማ ውሃ ጓሮዬ ላይ ልድፋው?

አይደፋ። በየጊዜው በሚወጣው አሥር ሊትር ውስጥ 360 ግራም ጨው አለ፤ ጌሾው፣ ቡናውና የጓሮው ጎመን ሥር ላይ ከተመላለሰ አፈሩን ጨው አድርጎ ያደርቃቸዋል። ወደ መጸዳጃ ቤት ፍሳሽ ይሂድ፣ ከመደፋቱ በፊት ግን ማጣሪያውን እጠቡበት፤ የቧንቧ ውሃ ክሎሪን የማጣሪያውን ባክቴሪያ ሲገድል ይህ ውሃ ግን አይነካቸውም።